ለአባቴ ያላነበብኩለት መስመር

ባለፈው ሳምንት የተማሪዎቼን ፈተና ላባዛ እንጅባራ መሀል ከተማ ወዳለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ነበር። ዝናቡ ድንገት ስለወረደ ከበረንዳው ጥግ ተጠልዬ ቆምኩ። ከጎኔ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው መሆኗ ከመልኳ የሚያስታውቅ ወጣት አጠገባቸው ቆማ፣ ገና ከማሽኑ የወጣ ወረቀት ታነብላቸዋለች። የመሬት ኪራይ ውል ነው። እሷ ጣቷን ከመስመር ወደ መስመር እያሳለፈች ታነባለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከሚወርደው ዝናብ ላይ ሳይነቅሉ በየመሀሉ "እሺ" ይላሉ። ስትጨርስ "በቃ፣ ይኸው ነው" አለቻቸው። "አንቺ ካልሽ" አሉና አውራ ጣታቸውን ለቀለሙ ዘረጉ።

ተራዬ ደርሶ ስጠራ አልሰማሁም። ልጅቷ ምንም ያጠፋችው ነገር የለም፤ አንድ ቃል ሳትዘል እንዳነበበችላቸው እርግጠኛ ነኝ። ነገር ግን እኔም በሃያ አንድ ዓመቴ ለአባቴ አንድ ውል አንብቤለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አስተምሬአለሁ፣ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ያንን ቀን ግን በወረቀት አስፍሬው አላውቅም።

ከእንጅባራ በሚኒባስ ጥርባ ወርዶ፣ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የእኛ ቀዬ ይገኛል። አባቴን አገሩ አያ ቢተው ይለው ነበር። ከገብሱና ከድንቹ ማሳ በታች፣ ጥቁር ውኃ እስከምንለው ወንዝ ድረስ የሚወርድ ሰፊ ጨፌ ነበረን። ሌላው መስክ በመጋቢት እንደ ገለባ ሲነጣ የእኛው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስንረግጠው እግራችን ሰመጥ ይላል፤ ከሣሩ ሥር ቀዝቃዛ ውኃ ጣቶቻችን መሀል ይገባል። ላሞቻችንና ሁለቱ ፈረሶቻችን እዚያ ይውላሉ።

ከጨፌው ራስ ላይ የድንጋይ ጋጣ አለ። በእኛ አገር ጋጣ የሚሠራው በእንጨትና በጭቃ ነው፤ የእኛ ግን በጥቁር ድንጋይ የተካበ፣ ግድግዳው ከአንድ ክንድ የሚወፍር ነበር። በሐምሌ ውጪው በጉም ተሸፍኖ ሰው እጁን ማየት ሲያቅተው፣ ጋጣው ውስጥ በከብቶቹ ትንፋሽ ይሞቃል። ተማሪ ሳለሁ እናቴ ሥራ እንዳታዘኝ ስሸሽ እዚያ ገብቼ፣ ከፈረሶቹ ግርግም ጎን ተቀምጬ አጠና ነበር። የደብተሬ ወረቀት ሁሉ የድርቆሽ ሽታ ነበረው።

ከጨፌው ግርጌ ደግሞ ወንዙ ከትልቅ አለት ጋር ይጋጭና ዞር ብሎ ጥልቅ ገንዳ ይሠራል። ዓሣው ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ገንዳ ዓሣ የማውጣት መብት ግን የእኛ አልነበረም። የአያ ፈንታ ነበር።

ይህ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። እኔ ከመወለዴ ከብዙ ዓመት በፊት የአያቴ ታናሽ ወንድም በግጦሽ ተጣልቶ የአያ ፈንታን አባት ገደለ። ገዳዩ አገር ጥሎ ጠፋ፤ በዚያው ቀረ። አያ ፈንታ ያኔ ጡት ያልጣሉ ሕፃን ነበሩ። ደም ደምን እንዳይጠራ ሽማግሌ ገባ፣ ካህናት ገቡ፣ ከብዙ ድካም በኋላ እርቅ ወረደ። አያቴ ከካሣው በላይ አንድ ነገር በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማለ። የሟች ልጅ፣ የልጁም ልጅ፣ ከእሱም የሚወለድ፣ በጨፌው መሀል አልፎ ከገንዳው ዓሣ ያወጣል፤ ውኃው እስካለ ድረስ የሚከለክለው የለም። "አባቱ ያላበላውን ልጅ ውኃው ያብላው" አሉ ሽማግሌዎቹ። የድንጋዩን ጋጣም ሁለቱ ወገኖች በዚያው ዓመት በደቦ የሠሩት ነው፤ አብረው የሠሩ ሰዎች መልሰው አይጋደሉም በማለት።

ከዚህ ሁሉ አንዱም በጽሑፍ የለም። ግን በየዓመቱ በጥቅምት፣ ደፍራሹ ውኃ ሲጠራ፣ አያ ፈንታ የመጀመሪያዎቹን ዓሦች በቅርጫት ይዘው ቤታችን ይመጣሉ። እናቴ በጨውና በበርበሬ አሽታ በፍም ትጠብሰዋለች፤ አባቴና እሳቸው ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ብዙ አይነጋገሩም። ሲነጋገሩም በአዊኛ ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ በሽታ። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ የዓሣ እሾኽ እፈራ ስለነበር አያ ፈንታ እሾኹን አንድ በአንድ እየለቀሙ ያጎርሱኝ ነበር። የገዳይ ወገን ልጅ መሆኔን ሲያስቡት ምን ይሰማቸው እንደነበር ጠይቄአቸው አላውቅም። እጃቸው ግን ቸኩሎ አያውቅም።

እናቴ ባረፈች በሁለተኛው ዓመት አባቴ ከፈረስ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ወጌሻ አየው፣ ሐኪም ቤትም ከረመ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ያለ ምርኩዝ መራመድ አልቻለም። ወንድም እኅት የለኝም። እኔ የመምህራን ኮሌጅ ጨርሼ ምደባ እጠብቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ነው እየተባለ እንጅባራ ቀን በቀን የምትሰፋበት ሰሞን ነው። ትላልቆቹ ዛሬም ቆሰበር በሚሏት በዚያች ከተማ ባጃጅ እንደ ንብ ይርመሰመሳል፤ አብረውኝ የተማሩት ልጆች ቤታቸው መብራት አለ፣ ቧንቧ አለ። እኔ በሰፈሬ ስልክ ለመደወል ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ እወጣለሁ። አንዳንዴ ሰው የሚፈልገውን ነገር ለሌላ ሰው አስቦ የፈለገው አስመስሎ ራሱን ያሳምናል። እኔም ከተማ መግባት ያማረኝ ለአባቴ እግር ብዬ እንደሆነ ለራሴ እነግረው ነበር።

አቶ ደምሴ የሚባሉ የዳንግላ ነጋዴ የመጡት በዚህ መሀል ነው። በሬ እያደለቡ የሚሸጡ፣ ከሰልም የሚነግዱ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ አገሬው የእህል ማሳውን ሳይቀር ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ይተክልበት ነበር። ጋጣውን ለድለባ፣ ከጨፌው ግማሹን ለዛፍ፣ ገንዳውን ደግሞ ለዓሣ ፈለጉት፤ በጾም ወራት ዓሣ የሚረከባቸው ሆቴል አግኝተዋል። መሬት እንደማይሸጥ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሽያጭ አይባልም፤ ኪራይ ይባልና ዓመቱ ይረዝማል፤ ክፍያው በአንዴ ያልቃል፤ በገንዘቡ እንጅባራ ውስጥ ቤት መግዛት እንችል ነበር። "ከእኔ ዕድሜ የሚረዝም ኪራይ ሌላ ስም የለውም?" ብሎ አባቴ ሲጠይቃቸው አቶ ደምሴ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም።

ቦታውን ሊያዩ የመጡት በግንቦት ነው። ጋጣውን ዞረው አዩት፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና "ይሄ እኛን ሁሉ ቀብሮ ይቆማል" አሉ። ወደ ወንዙ ስንወርድ አያ ፈንታ ከአለቱ ላይ ተቀምጠው መንጠቋቸውን ጥለዋል። ቀና ብለው በአዊኛ ሰላምታ ሰጡን፤ አባቴም መለሰላቸው።

ትንሽ ራቅ ስንል "እኒህ ሰውዬ ማናቸው?" አሉ አቶ ደምሴ።

"የውኃው ባለቤት ነው" አለ አባቴ።

"የይዞታ ደብተሩ በእርስዎ ስም አይደለም እንዴ?"

"መሬቱ በደብተር የእኔ ነው። ውኃው በመሐላ የእሱ ነው።"

አቶ ደምሴ ቆሙ። "አያ ቢተው፣ አይቀየሙኝ። ዛሬ እኒህ ሰው ናቸው፤ ነገ ልጃቸው ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጃቸው። እኔ ደግሞ ለሰው ቃል ገብቻለሁ። 'ሌላ ማንም ሰው በቦታው የማለፍም ሆነ ዓሣ የማውጣት መብት የለውም' የሚል መስመር ውሉ ውስጥ ካልገባ እኔ የለሁበትም።"

ክፉ ሰው አልነበሩም። የፈለጉትን በግልጽ ነው የተናገሩት።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አባቴ ከጋጣው ደጃፍ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ጀርባችንን ታሞቀን ነበር፤ ላሞቹ ከታች ይግጣሉ።

"አንቺ ምን ትያለሽ የሻረግ?" አለኝ።

"አባዬ፣ ያልተጻፈ ነገር መብት አይባልም። ኮሌጅ የተማርነው ይህንን ነው።"

እንዲህ ብሎ ያስተማረን ሰው አልነበረም። እዚያው የፈጠርኩት ነው።

"አያትሽ ሲምል የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከጎኑ ቆሜ ነበር" አለ። "እጄን ይዞኝ ነበር።"

"እሺ፣ እኔስ? ምደባ ሲደርሰኝ በዚህ እግርህ ብቻህን ከብት ልትጠብቅ ነው? ወይስ እኔ የተማርኩትን ትቼ እዚህ ልቅር?"

ወደ ላሞቹ ተመለከተ። በኋላ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ። "ራፖር ጸሐፊ አንፈልግም። አንቺው ጻፊው።"

"ያንን መስመር ምን ላድርገው?"

"እንደሚሆን አድርጊው" ብሎኝ ወደ ከብቶቹ ሄደ።

ውሉን ጋጣው ውስጥ፣ እንደ ልጅነቴ ከግርግሙ ጎን ተቀምጬ ጻፍኩት። ጽሕፈቴ ያምራል። ሰባት ተራ ቁጥር ነበረው። አቶ ደምሴ የጠየቁትን መስመር ስድስተኛ ላይ አስገባሁት፤ ከእሳቸው ቃል ይልቅ እንዲጠብቅ አድርጌ፣ "በልማድም ሆነ በመሐላ" የሚል ከራሴ ጨመርኩበት። ለዚህ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም። እሳቸው አልጠየቁኝም።

በማግስቱ ከጋጣው ደጃፍ ተሰበሰብን። እኔ፣ አባቴ፣ አቶ ደምሴና ሦስት እማኞች ነን፤ ከእማኞቹ ማንበብ የሚችል አልነበረም። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የወሰኑን አዋሳኞች አነበብኩ፤ የዓመቱን ብዛት አነበብኩ። አምስተኛውን ስጨርስ አባቴን አየሁት። ምርኩዙ ላይ አገጩን አስደግፎ መሬት መሬት ያያል። ይህን ከሰማ ጣቱን እንደማይሰጥ ገባኝ። ቤቱ ታየኝ፤ ገና ያልገዛነው ቤት፣ በሩ፣ ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ። ወደ ሰባተኛው አለፍኩ።

አቶ ደምሴ ወረቀታቸውን እየተከተሉ ነበርና ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

"አለቀ?" አለ አባቴ።

"አለቀ።"

አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ተጫነው። እማኞቹም ተጫኑ። ከዚያ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ፤ እኔ የጠላውን ጣዕም አላስታውስም።

ክረምቱ ሳይገባ ከብቶቹንና ፈረሶቹን ሸጠን እንጅባራ ገባን። ቤቱ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ግቢ ያለው ነበር፤ ቧንቧውም ነበረው። በመጀመሪያው ሳምንት ቧንቧውን ያለ ምክንያት እየከፈትኩ እዘጋው ነበር። አባቴ ግን ከብት በሚፈታበት ሰዓት ይነሣና አጥሩ ጋ ይቆማል። የሚፈታ ከብት የለም። ባጃጆቹ ሲያልፉ ያያል፤ ከዚያ ይመለሳል። አንድ ቀን የጋሪ ፈረስ በር ላይ ቆሞ አየና ወጥቶ አንገቱን ሲያሻሽ ባለ ጋሪው "አባባ፣ ሊሳፈሩ ነው?" አለው። "አይ፣ ሰላም ልለው ነው" አለ።

ጥቅምት ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አያ ፈንታ ናቸው። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው፤ ቅርጫታቸው ባዶ ነው። ገብተው ቁጭ እስኪሉ አልጠበቁም።

"ቢተው፣ እርቁ ፈርሷል?"

አባቴ ከመቀመጫው ሊነሣ ሞከረ። "ማን አለ?"

"ጨፌው ላይ ዘበኛ ቆሟል። በውል ተከልክለሃል አለኝ። ባዕድ ቢከለክለኝ ግድ አልነበረኝም። ካንተ አፍ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁ።"

ውኃ ልቀዳላቸው ተነሥቼ ነበር፤ ጣሳው እጄ ላይ ቀረ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አላየም። "ነገ ቅዳሴ አለ። ሰኞ አብረን እንሄዳለን" ብቻ አላቸው።

ሰኞ አባቴ በኪራይ በቅሎ፣ እኔ በእግር ሄድን። ጋጣው ደጃፍ አያ ፈንታ ከሁለት ጎልማሳ ልጆቻቸው ጋር ቆመዋል፤ ልጆቹ ዱላ ይዘዋል። አቶ ደምሴም ተልኮባቸው ከዳንግላ መጥተው ነበር። ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡና ስድስተኛውን ቁጥር ጮክ ብለው አነበቡ። "በልማድም ሆነ በመሐላ" የሚለው ላይ ሲደርሱ የአያ ፈንታ ታላቅ ልጅ ወደ ፊት መጣ።

"አያታችንን ገደላችሁ" አለ አባቴን። ድምፁ አልጮኸም። "አሁን ደግሞ ካሣውን ሰረቃችሁ። እንግዲህ የቀረው ደሙ ነው።"

በዚያች ቅጽበት አፌን ከፍቼ መናገር ነበረብኝ። አባቴ በበቅሎው ላይ እንዳለ አውራ ጣቱን አነሣ።

"ጣቱ የእኔ ነው" አለ። "የፈረምኩት እኔ ነኝ። የምትጠይቁት ካለ እኔን ጠይቁ።"

አያ ፈንታ ለልጆቻቸው በአዊኛ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ልጆቹም ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ሦስቱም ማንንም ሳይሰናበቱ ሄዱ። እንጅባራ እስክንደርስ አባቴ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ቢሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ወደ አያ ፈንታ ቤት ተነሣ፤ እኔም ተከተልኩት። ከደጃቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ከበቅሎው ወረደና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣ። በእኛ አገር በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይንበረከካል፤ ተበዳዩ "አውርድ" እስኪለው አያወርድም። በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በሌላው ድንጋይ። ሦስት እርምጃ ያህል ሄደና ዳሌው ከዳው፤ በጉልበቱ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ሊያነሡት ሲጎነበሱ እኔ ድንጋዩን ወሰድኩ።

ቀዝቃዛ ነበር። ከባድም ነበር። በአንገቴ ላይ አድርጌ ከአያ ፈንታ ደጃፍ ተንበረከክሁ። ወጡ፤ ሚስታቸው ወጡ፤ ልጆቻቸው ወጡ።

"አያ ፈንታ፣ የበደልኩዎት እኔ ነኝ" አልኩ። "መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሐላ የሚለውንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለአባቴ ሳነብለት ዘለልኩት። እሱ አልሰማውም።"

አያ ፈንታ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ከኋላዬ በሽማግሌዎቹ ተደግፎ የቆመውን አባቴን አዩት።

"ቢተው፣ እንዲህ ነው?"

አባቴ ምርኩዙን አስተካክሎ ያዘ። ሲናገር ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለእኔም የሚናገር ይመስል ነበር።

"ዘልላ እንዳነበበች አውቄአለሁ" አለ። "ሰውዬው ያ መስመር ካልገባ የለሁበትም ብሎ ነበር። ውሉ ሲነበብ ያንን መስመር እጠብቅ ነበር። ሳይመጣ 'አለቀ' ስትለኝ ምን እንደሆነ ገባኝ። ሳልሰማ ከፈረምኩ መሐላውን ያፈረስኩት እኔ አልሆንም ብዬ አሰብኩ። ልጄ ላይ ጣልኩት። በደሉ የእኔ ነው ፈንታ። እሷ ማንበብ ስለምትችል ብቻ ነው የኔን ሸክም የተሸከመችው።"

ድንጋዩ አንገቴ ላይ እንዳለ አለቀስኩ። ከአምስት ወር በላይ አባቴን ያታለልኩ መስሎኝ በፊቱ መብላት ሲያቅተኝ ነበር። እሱም በእኔ ፊት እንደዚያው ኖሮ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሞሰብ፣ ሁለታችንም አንዱን ነገር ደብቀን።

"አውርጂ" አሉ አያ ፈንታ።

አላወረድኩም። እሳቸው ራሳቸው ቀርበው ድንጋዩን ከአንገቴ አነሡና ከደጃቸው ጥግ አስቀመጡት። ከዚያ ለልጆቻቸው በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማ፣ እንዲህ አሉ፦

"እርቁን እኔ አላፈርስም። እኔ ካፈረስኩት እናንተ ደም ታስባላችሁ። አባቴን አላውቀውም፤ ያወቅሁት እርቁን ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው።" ወደ አባቴ ዞሩ። "ይቅር ብያለሁ። ግቡ።"

ገባን። የቀረበልን ድንች በሚጥሚጣ ነበር። ከአንድ ገበታ በላን። ታላቁ ልጅ አልበላም፤ ግን አልወጣም፣ በሩ ጋ ተቀምጦ ቆየ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ሽማግሌዎቹ ዳንግላ ድረስ ሄደው አቶ ደምሴን ለመኑ። እሳቸውም ገንዳውን ለሆቴሉ ቃል እንደገቡበት ተናገሩ፤ ሆኖም አያ ፈንታ በሳምንት አንድ ቀን ቢያጠምዱ ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ አስታወቁ። መልሱ ለአያ ፈንታ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "በመብቴ የገባሁበት ደጅ በምጽዋት አልገባም" አሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ጥቁር ውኃ አልወረዱም። የአቶ ደምሴ ሰዎች በመረብ ያወጡ ነበርና በሦስተኛው ዓመት ገንዳው ውስጥ ትንንሾቹ ብቻ ቀሩ። ዲከረንሱም አድጎ ጨፌውን አደረቀው፤ አሁን እግር አይሰምጥበትም። አቶ ደምሴ ቦታውን ለሌላ አስተላልፈው ወጡ። አንዳንዴ ሰው ሲጠይቀኝ ጥፋቱን ወደ እሳቸው ልገፋ ይዳዳኛል። እሳቸው ግን የጻፍኩላቸውን ነው የተጠቀሙበት።

አያ ፈንታ በየጥቅምቱ እንጅባራ ይመጡ ነበር። ከየትኛው ወንዝ እንዳወጡት የማይናገሩትን ዓሣ ይዘው፣ ከአባቴ ጋር ይበላሉ፤ ትንሽ ያወራሉ፤ ከዚያ ሚኒባስ ይሳፈራሉ። አባቴ ከስድስት ዓመት በኋላ አረፈ። መቃብሩ ውስጥ ወርደው ሬሳውን ከተቀበሉት አንዱ አያ ፈንታ ነበሩ፤ በዚያ ዕድሜያቸው። በሁለተኛው ዓመት እሳቸውም ተከተሉ። ለቅሶ ሄድኩ። ታላቁ ልጅ ቦታ ለቆ አስቀመጠኝ።

እኔ ዛሬም በዚያው ቤት እኖራለሁ። ጥሩ ቤት ነው። ልጆቼ የተወለዱበት ነው፤ ክፉ ቤት ነው ብል እዋሻለሁ። ድሮ ይቅርታ ማለት የተበላሸው ሲመለስ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። እኔ ይቅር ተብያለሁ፤ ዓሣው ግን አልተመለሰም፣ ጨፌውም አልተመለሰም። ይቅርታው ያደረገው ነገር ቢኖር ደም እንዳይፈስና እኔና አባቴ የቀረንን ዓመት ተያይተን እንድንኖር ማድረጉ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ዘንድሮ ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ የአያ ፈንታ የልጅ ልጅ ናት። የመጀመሪያው ቀን የአባቷንና የአያቷን ስም ስታስመዘግብ ነው ያወቅሁት። ሁለተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጎበዝ ናት፤ ሳነብ አፌን ታየኛለች። ቤታቸው ነግረዋት ይሁን አይሁን አላውቅም። ያ መሐላ "የልጁም ልጅ፣ ከእሱም የሚወለድ" ይል ነበር። ከእሷ የወሰድኩት ነገር እንዳለ ከማንም በፊት ከእኔ ልትሰማ ይገባታል። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላስል ቆየሁ፤ የምጀምርበትን ቃል ባላገኝም ልጅቷ ሁለተኛው ወንበር ላይ አለች።

ነገ ሰኞ ነው፤ ትምህርት አለ።